የጋራ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ፦ ራም ይጨመር፣ ስዋፕ ይስፋ ወይስ ሴሽን ይዘጋ?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ጠንከር ያለ ሰርቨር አስቀምጦ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ከሱ ጋር ማገናኘት የተለመደ ነው። የሒሳብ ቢሮዎች ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እንዲህ ይጠቀሙበታል። ማሠልጠኛ ተቋማትና የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍሎችም ያደርጉታል። ሒሳቡ ግልጽ ነው። አሥራ አምስት አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት አንድ ሰርቨር ገዝቶ ያሉትን አሮጌዎች ለስክሪንና ለኪቦርድ ብቻ ማዋል ይረክሳል።

ጣጣው የሚመጣው ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ምንም አይከፈትም። ኤክሴል ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንዱ «ኔትወርኩ ነው» ይላል፣ ሌላው «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይደለም። ሚሞሪ (ራም፣ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ፈጣን ማኅደር) አልቆ ሰርቨሩ ከዲስኩ ጋር ግብ ግብ ገጥሟል።

ከዚያ ምክር ይዘንባል። ራም ጨምሩ፣ ፔጅ ፋይሉን አሳድጉ፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዙ፣ ወደ ሊኑክስ ዙሩ፣ ሁለተኛ ሰርቨር አምጡ። ሁሉም ምክር በቦታው ልክ ነው። በኔ እምነት ግን ምርጫውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ወደ ዲስክ እየተገፋ ያለው ሚሞሪ የተኛ ነው ወይስ የሚሠራ? ይህ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ቁማር ነው።

የተኛና የሚሠራ

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራምን የሚያስተዳድረው እያንዳንዳቸው 4 ኪሎባይት በሆኑ ቁራጮች ነው። ፔጅ ይባላሉ። ራም ሲጠብ ለጊዜው ማንም ያልነካቸውን ፔጆች ወደ ዲስክ ያወርዳል። ዊንዶውስ ላይ የሚወርዱት ወደ ፔጅ ፋይል ነው፣ ሊኑክስ ላይ ወደ ስዋፕ። ሳሎን ሲጣበብ ዕቃ ወደ ጓዳ እንደማስገባት ነው። ጓዳ የገባው ዕቃ ዛሬ ካልተፈለገ ማንም አይጎዳም። መከራው በየደቂቃው ወደ ጓዳ መመላለስ ሲጀመር ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ራም የተጠየቀውን ለመስጠት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የሳታ ኤስኤስዲ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፣ 1,000 እጥፍ ማለት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፣ 100,000 እጥፍ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ የተበታተነ ነገር ሲጠየቅ በሰከንድ ከ80 እስከ 100 ያህል ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። 80 ጊዜ 4 ኪሎባይት 320 ኪሎባይት ነው። አንድ ሠራተኛ ምሳ በልቶ እስኪመለስ 300 ሜጋባይት የያዘው ብሮውዘር ወደ ዲስክ ወርዶ ቢቆይ፣ በከፋው ሁኔታ ሁሉንም ለመመለስ 16 ደቂቃ ይፈጃል። በተግባር ሲስተሙ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ፔጆችን ሰብስቦ ስለሚያነብ ይህን ያህል አይረዝምም። ግን ያንኑ ዲስክ ሌሎች አሥር ሰዎችም እየጠበቁት ነው።

ስለዚህ ስዋፕ ውስጥ 6 ጊጋ አለ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ጠዋት የወረደው 6 ጊጋ እስከ ማታ እዚያው ከተኛ እሰየው፣ ራሙ ለሚሠራ ሰው ተለቋል። የሚያስፈራው የሚመለሰው ነው።

መጀመሪያ ይለካ

ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የሚሞሪውን ገጽ እዩ። «ኮሚትድ» የሚል ጽሑፍ ሥር ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሞች በሙሉ ቃል የተገባላቸው ሚሞሪ ነው። ሁለተኛው ጣሪያው ነው፣ ራሙና ፔጅ ፋይሉ ተደምረው። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ከተጠጋ ዊንዶውስ ለአዲስ ጥያቄ እምቢ ማለት ይጀምራል። ራም ነጻ ቢሆንም እንኳ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ «ራም አለ እኮ፣ ለምን ሚሞሪ የለም ይላል?» ብሎ ግራ ይጋባል።

ከዚያ ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱ። «ሃርድ ፎልት» የሚለው ግራፍ ከዲስክ የሚመለሱ ፔጆችን ይቆጥራል። ፕሮግራም ሲከፈት ለአፍታ መዝለሉ ምንም አይደለም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ከዲስክ እየተነበበ ነው። ሰው በሥራ ላይ እያለ ግራፉ ከላይ ሳይወርድ ከቆየ፣ የዲስኩ ወረፋም አብሮ ከረዘመ፣ የሚሠራ ሚሞሪ ነው የጎደላችሁ።

ሊኑክስ ላይ ነጻ ሚሞሪ የሚለውን ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ እዩ። ሊኑክስ ትርፍ ራምን ለፋይል ካሽ (የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆያ) ስለሚያውለው ነጻው ሁልጊዜ ትንሽ ነው። ቀጥሎ ቪኤምስታት የተባለውን ትእዛዝ አስነሱና «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የሚሉትን ተከታተሉ። «ኤስኦ» ወደ ስዋፕ የሚወጣው ነው፣ «ኤስአይ» ከስዋፕ የሚገባው። ኤስኦ ብቻውን ብቅ ጥልቅ ቢል ተዉት። ኤስአይ ሳያቋርጥ ከሠራ ነው ነገሩ የከረረው። ከ4.20 ጀምሮ ያለው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ደግሞ ፕሮሰሶች (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች) ሚሞሪ በመጠበቅ ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ በመቶኛ ይናገራል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው የሚያማርረውን ነገር በቀጥታ ይለካል።

ልኬቱ በሰላማዊ ሰዓት አይሁን። ሁሉም ገብቶ በሚሠራበት ሰዓት፣ በተለይ ደሞዝ በሚሠራበት ወይም የግብር ማስታወቂያ በሚዘጋጅበት ሳምንት ይሁን።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቀሩ ሴሽኖች

ጢስ አባይ ከአጠገባችን፣ ጣና በለስ ከወዲያ ሆነው መብራት መሄዱ የሚገርመው እንግዳን ብቻ ነው። ለቴርሚናል ሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ሰው ከየጠረጴዛው ገብቶ ለሚሠራበት ሰርቨር፣ ግን የመብራቱ ነገር የራሱ ጣጣ አለው።

ብዙ ቦታ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ያለው ሰርቨሩ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ማሽኖች ድርግም ይላሉ። ሰርቨሩ ግን በሕይወት አለ። ለሱ ሰዎቹ አልወጡም፣ ግንኙነታቸው ተቋረጠ እንጂ። ኤክሴሉ፣ ብሮውዘሩ፣ ፒችትሪው ሁሉ ራም ውስጥ እንደተከፈተ ነው። ይህ በአንድ በኩል በረከት ነው፣ መብራት ሲመለስ ሥራቸውን ካቆሙበት ያገኙታል። በሌላ በኩል ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ ሰው «በቃ ነገ» ብሎ ባጃጅ ይይዛል። ሴሽኑ፣ ማለትም ገብቶ ሰርቨሩ ላይ የከፈተው ሁሉ፣ ያድራል። የማታ ተማሪዎች ሲገቡ ሰርቨሩ የቀን ሰዎችንም የማታ ሰዎችንም ተሸክሟል።

ዊንዶውስ ላይ ማንም ካላስተካከለው የተቋረጠ ሴሽን ጊዜ ሳይገደብለት ይቆያል። አንድ ሰው አንድ ሴሽን ብቻ እንዲኖረው የሚያደርገው ቅንብር ከመጀመሪያው የበራ ነው፣ ያ ደግ ነው። አንዳንድ የኮምፒውተር ላብ ግን ሁሉም ተማሪ በአንድ የጋራ ስም ስለሚገባ ይህን ያጠፉታል። ያኔ መብራት በሄደ ቁጥር አዲስ ሴሽን ይደረባል፣ አሮጌውም አይነሳም። ሊኑክስ ላይ ኤክስአርዲፒ በሚባለው የርቀት መግቢያ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሮጌ ሴሽኑ ይመለሳል፣ ግን በሌላ የቀለም ጥልቀት ከገባ አዲስ ሊከፈትለት ይችላል። ለሁሉም ሰው የራሱን ስም ስጡ፣ የመግቢያውንም ቅንብር በሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት አድርጉ።

መፍትሔው ነጻ ነው። ዊንዶውስ በግሩፕ ፖሊሲ (ለሁሉም ተጠቃሚ ቅንብር በሚሰጥበት ቦታ) ውስጥ ለተቋረጠ ሴሽንና ሥራ ለፈታ ሴሽን የተለያየ የጊዜ ገደብ መስጠት ያስችላል። ሁለቱን አንድ አታድርጓቸው። ለተቋረጠው እንደ ቤቱ ባሕርይ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በቂ ነው። መብራት ቶሎ ከመጣ ሥራው አይጠፋም፣ ካልመጣም ለማታው ፈረቃ ቦታ ይለቀቃል። ተገናኝቶ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሰው ግን በችኮላ አትዝጉበት፣ ምናልባት ከባለጉዳይ ጋር እያወራ ነው።

እዚህ ላይ ክርክር አይቀርም። «ወንድሜ፣ ሴቭ አላደረግኩም እኮ፣ እንዳትዘጋብኝ!» የምትል የሒሳብ ሠራተኛ እውነቷን ነው። ፒችትሪ በምዝገባ መሃል ሲገደል ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የሒሳብ ሰዎችን በተለየ ቡድን አድርጉና ገደባቸውን አርዝሙት፣ ወይም ጨርሶ አንሱትና ማታ በሰው እጅ ይዘጋ። ለተማሪዎች ግን ማዘን አያስፈልግም።

ብዙ ቤት የሚሞሪው ችግር እዚህ ያልቃል። ሰው ራም ሊገዛ አዲስ አበባ ከመደወሉ በፊት ታስክ ማናጀር ውስጥ የተጠቃሚዎችን ገጽ ከፍቶ «የተቋረጠ» የተባሉትን ቢያይ ጥሩ ነው።

ፔጅ ፋይሉና ስዋፑ፦ ስንት ይሁን፣ የት ይቀመጥ?

«የራሙ አንድ ተኩል እጥፍ» የሚለው ደንብ ከድሮ የወረስነው ነው። ራም በሜጋባይት በሚቆጠርበት ዘመን ያስኬድ ነበር። 64 ጊጋ ራም ላለው ሰርቨር 96 ጊጋ ፔጅ ፋይል ማለት ግን ትርጉም የለውም። ያን ያህል ነገር በእውነት ወደ ዲስክ ከወረደ ሰርቨሩ ከሥራ ውጭ ነው።

ዊንዶውስ ላይ መጠኑን የሚወስነው ያ «ኮሚትድ» የሚለው ቁጥር ነው። በጣም በተጨናነቀው ሰዓት የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ያዙ፣ ራሙን ቀንሱለት፣ ለመተንፈሻ ትንሽ ጨምሩ። 32 ጊጋ ራም ኖሮ ከፍተኛው 38 ከሆነ፣ 12 ጊጋ ገደማ ፔጅ ፋይል ያሠራል። ፔጅ ፋይልን ጨርሶ ማጥፋት ግን አይመከርም። «ራም ስለበዛ አያስፈልግም» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ውጤቱ ሰርቨሩን ማፍጠን ሳይሆን ጣሪያውን ማውረድ ነው። የተኛውም ፔጅ መሄጃ አጥቶ ራም ውስጥ ይቀመጣል።

ሊኑክስ ጠባዩ ለየት ይላል። ሲለመን እሺ ማለት ይወዳል፣ ካለው በላይ ቃል ይገባል። ቃሉን የሚያከብርበት ቀን ሲደርስና ራምም ስዋፕም ሲያልቅ፣ ኦኦኤም ኪለር የሚባለው ክፍል አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። የሚመርጠው ባብዛኛው ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ነው፣ እና የፕሮሰሱ ባለቤት ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል። የሚያሳዝነው፣ እስኪገድል ድረስ ሰርቨሩ ለብዙ ደቂቃ ሃንግ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ በጣም ትልቅ ስዋፕ በቀርፋፋ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ሞትን ማራዘም ነው። መጠነኛ ስዋፕና ቶሎ የሚነቃ ጠባቂ፣ ለምሳሌ ኧርሊኦኦኤም፣ ይሻላል።

የት ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ ኤስኤስዲ ላይ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ የተዛወረ ፔጅ ፋይል ከምንም ማሻሻያ በላይ ለሰው ይታያል፣ ምክንያቱም ተራ የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ የተበታተኑ ጥያቄዎችን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይመልሳል። «ይበላሽብኛል» የሚለው ስጋት ከልክ ያለፈ ነው። አንዳንድ የታወቁ የ500 ጊጋ ኤስኤስዲዎች 300 ቴራባይት እስኪጻፍባቸው ዋስትና አላቸው። በቀን 50 ጊጋ ብትጽፉበት በዓመት ወደ 18 ቴራባይት ነው። 16 ዓመት ይሄዳል። ይህ ግን ለእውነተኛ ዕቃ ነው። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ኤስኤስዲ ላይ የጋራ ሰርቨር ባታስቀምጡ ይመረጣል።

ኤስኤስዲ ግን ራም አይሆንም። የተኛን ሚሞሪ ችግር ፈጽሞ ይፈታል። የሚሠራ ሚሞሪ ሲጎድል ግን ሥቃዩን ያለዝባል እንጂ አያጠፋውም፣ 1,000 እጥፍ አሁንም 1,000 እጥፍ ነው።

ጨምቆ ማስቀመጥ፦ ዚራም ወይስ ዚስዋፕ

ይህ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ጉዳይ ነው። የዊንዶውስ ሰዎች ይህን ክፍል ቢዘሉት አይቀርባቸውም።

ዚራም ከራሙ ላይ ቆርሶ የታመቀ ስዋፕ ይሠራል። የሚወጣው ፔጅ ዲስክ አይነካም፣ ታምቆ እዚያው ራም ውስጥ ይቀመጣል። መጭመቂያው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያሳንሳል። ክሮምቡኮች ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ ፌዶራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከመጀመሪያው አብርቶ ይልከዋል። ዋጋው የፕሮሰሰር ጉልበት ነው፣ እና ቴርሚናል ሰርቨር ላይ ፕሮሰሰር ከራም ይልቅ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ይበዛል።

ዚስዋፕ ደግሞ ከዲስኩ ስዋፕ ፊት የሚቆም የታመቀ ማረፊያ ነው። በጣም የቆየውን ወደ ዲስክ ያሳልፋል፣ የቅርቡን እሱ ጋ ያቆያል።

ምርጫው እንዲህ ነው። ያላችሁ ዲስክ የሚሽከረከረው ብቻ ከሆነ ዚራም። ጥሩ ኤስኤስዲ ካላችሁ ዚስዋፕ። ሁለቱን ቀላቅሎ ዚራምን ከፊት፣ የዲስክ ስዋፕን ከኋላ መደርደር ብልህነት ይመስላል፣ ግን ወጥመድ አለበት። ቀድሞ የሚወጣው የተኛው ፔጅ ነው። እሱ ዚራምን ይሞላና ይተኛበታል፣ በኋላ የሚመጣው፣ ቶሎ የሚፈለገው ፔጅ ደግሞ ዲስክ ላይ ይወድቃል። ከሚፈለገው ተቃራኒ ማለት ነው።

ዚራም ወይም ዚስዋፕ ካበራችሁ ስዋፒነስ የሚባለውን፣ ሲስተሙ ወደ ስዋፕ ለማውረድ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነውን ቁጥር ከነበረበት 60 ከፍ አድርጉት። ከከርነል 5.8 ወዲህ እስከ 200 ይሄዳል፣ ለታመቀ ስዋፕም ከ100 በላይ ማድረግ ያስኬዳል። ስዋፑ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን ዝቅ ይሻላል።

ራም ሲገዛ

የሚሠራ ሚሞሪ ጎድሎ ከሆነ ይሄ ነው መፍትሔው፣ ዞር ዞር ማለት አያዋጣም።

ምን ያህል? የተጠቃሚዎችን ገጽ አይታችሁ የአንድን ተራ ሠራተኛ ድርሻ ያዙ። ለምሳሌ 1.2 ጊጋ ቢሆንና 20 ሰው ቢኖር 24 ጊጋ ነው። ለሲስተሙ 4 ጨምሩ፣ ለፋይል ካሽ ትንሽ ተዉለት፣ 32 ጊጋ ይሆናል። ብሮውዘር በብዛት የሚከፈትበት ቤት ከሆነ ይህ ሒሳብ ያንሳል። የፕሮግራሙ ኮድ በሁሉም ሰው መካከል በጋራ ስለሚያዝ ሃያ ሰው ኤክሴል ቢከፍት ሃያ እጥፍ አይወስድም። የብሮውዘር ታብ ግን የያንዳንዱ የግል ነው፣ ከዚያ ቅናሽ የለም። ሊኑክስ ላይ በተራው ዝርዝር የሚታየውን ከደመራችሁ የጋራው ደጋግሞ ስለሚቆጠር ይጋነናል። ኤስሜም የሚባለው መሣሪያ የጋራውን አካፍሎ ይነግራችኋል።

ገበያው ሌላ ነገር ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ከተተመነ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በዓመቱ መጀመሪያ ከተያዘው በጀት ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ያገለገለ ሰርቨርና ያገለገለ ራም መፈለግ ነውር አይደለም። ደል አር720 ዲዲአር3 ይወስዳል፣ ኤችፒ ዲኤል380 ጄን9 ዲዲአር4። ሁለቱም 24 ማስገቢያ አላቸው፣ ማስፋት ይቻላል። የሰርቨር ራም «ሬጅስተርድ» የሚባለው ዓይነት ነው። ከተራው የዴስክቶፕ ራም ጋር አይቀላቀልም፣ ማሽኑ አይነሳም። ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን አውጥታችሁ ጽሑፉን ፎቶ አንሱና ለሻጩ ላኩለት። ሁለት ፕሮሰሰር ካለ ራሙን ለሁለቱም እኩል አካፍሉ።

ራም ሌላ ጥሩ ጎን አለው፣ ብዙ መብራት አይበላም። አንድ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ዋት ገደማ ነው። አራት ብትጨምሩ ዩፒኤሱ ላይ እንደ አንድ ትንሽ አምፖል ነው የሚሰማው።

አሁንም 32 ቢት ዊንዶውስ ሰርቨር የሚያሄድ ካለ ራም መጨመሩን ይተወው። እዚያ ላይ የሚያልቀው ራሙ ሳይሆን ለከርነሉ የተከለለው 2 ጊጋ ነው። ከ2008 አር2 ጀምሮ ዊንዶውስ ሰርቨር 64 ቢት ብቻ ነው፣ መሻገር ነው ያለው።

ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ

አንድ ሰው ስድሳ ታብ ከፍቶ ሃያ ሰው ሲያስለቅስ አይታችኋል። ሊኑክስ ለዚህ ንጹህ መልስ አለው። ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ አስተዳዳሪ ክፍል እያንዳንዱን ተጠቃሚ በራሱ ክፍል ስለሚያስቀምጠው ለክፍሉ ሁለት ገደብ መስጠት ይቻላል። ለስላሳው ሲታለፍ ያ ሰው ብቻ ይንቀራፈፋል፣ ጠንካራው ሲታለፍ ያ ሰው ያለው ፕሮግራም ብቻ ይገደላል። ጎረቤቱ አይነካም። እኔ ለስላሳውን 2 ጊጋ፣ ጠንካራውን 3 ጊጋ ብሎ መጀመርን እወዳለሁ፣ ከዚያ እንደ ቤቱ ማስተካከል ነው።

ዊንዶውስ ላይ ይህ የለም ማለት ይቀላል። ከ2012 ወዲህ ፕሮሰሰርን፣ ዲስክንና ኔትወርክን በሴሽኖች መካከል በፍትሕ ያካፍላል፣ ሚሞሪን ግን አይጨምርም። የቀረው በብሮውዘሩ በኩል መሄድ ነው። ክሮምና ኤጅ ያልተነኩ ታቦችን የሚያስተኛ ቅንብር አላቸው። በፖሊሲ ለሁሉም አብሩት። ዋጋ የለውም፣ ለውጡ ግን ይታያል።

ሥራውን ከሰርቨሩ ማውረድ

ጠረጴዛ ላይ ያሉት ማሽኖች 4 ጊጋና ከዚያ በላይ ራም ካላቸው ዝም ብለው የሚባክኑ ራሞች ናቸው። ሃያ ማሽን በ4 ጊጋ ስንት እንደሆነ አስሉት፣ 80 ጊጋ ነው። ኤልቲኤስፒ የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ማሽኖቹ በኔትወርክ ከሰርቨሩ እንዲነሱ ያደርጋል፣ ፕሮግራሙ ግን በየማሽኑ ራም ላይ ይሠራል። ሰርቨሩ ፋይል አቅራቢ ብቻ ይሆናል። ለትምህርት ቤት ላብ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሚጠይቀው ከሰርቨሩ ጊጋቢት ኔትወርክና ደህና ስዊች ነው። ጉዳቱ መብራት ሲሄድ ይታያል፣ ሥራው ማሽኑ ላይ ስለነበር አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ ሰርቨር መጨመር ለትልልቅ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ለትንሽ ቤት ግን ሥራ ፈትቶ እንኳ ከ100 ዋት በላይ ሊበላ ይችላል፣ ዩፒኤሱም በዚያው ልክ ይከፋፈላል። ሙቀቱም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስለሚሳሳ ፋን እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። በተለመደው የሰርቨር ደረጃ 35 ዲግሪ የሚፈቀድለት ማሽን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስበታል፣ እኛ ጋ ሲደርስ 32 ነው። ሚያዝያ ላይ በተዘጋች ክፍል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

ሚሞሪን ብቻ ካየን ሊኑክስ መሣሪያው ይበዛለታል። ነገር ግን ፒችትሪ ካለ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ከመረጣችሁ ፈቃዱን በጀት ውስጥ አስገቡ። ያለ ርቀት መግቢያ ፈቃድ የሚሠራው 120 ቀን ብቻ ነው። ፈቃዱ በሰው ወይም በማሽን ይቆጠራል። ቀንና ማታ ፈረቃ ያለው ማሠልጠኛ በማሽን ይግዛ፣ ሠራተኛው ከቢሮም ከቤትም የሚገባበት መሥሪያ ቤት በሰው።

የትኛው ለማን

አሥር ሰው ገደማ ያለው የሒሳብ ቢሮ ከሆናችሁ ዊንዶውሱን አትንኩት። ፔጅ ፋይሉን ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩ፣ ከተቻለ የፒችትሪውን ዳታም አብራችሁ። ሴሽን ማታ በሰው እጅ ይዘጋ። ከዚያ በኋላም ሃርድ ፎልቱ ካልወረደ ራም ግዙ፣ ያኔ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

የትምህርት ቤት ላብ ከሆነ ማሽኖቹን ቁጠሩ። አብዛኞቹ 4 ጊጋ ካላቸው ኤልቲኤስፒ። ከ2 ጊጋ የማይዘሉ ከሆነ ግን የዛሬን ብሮውዘር ስለማይችሉት ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቅር፣ ዚራምና የየሰው ጣሪያ ይጨመርበት።

ቀንም ማታም የሚሠራ ማሠልጠኛ ትልቁ ጠላቱ የተቋረጠ ሴሽን ነው። የሁለት ሰዓት ገደብ፣ ለያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ስም፣ በሁለቱ ፈረቃ መካከል ሎግ አውት የሚያደርግ ተቆጣጣሪ። ይህ ሁሉ ተደርጎ በጀት ከተረፈ፣ ከራሙ በፊት የዩፒኤሱን ባትሪ ቀይሩ። ከሦስት ከአራት ዓመት በላይ የቆየ ባትሪ ሰርቨሩን ይዞ የሚቆየው ለአፍታ ነው፣ እና በመሃል የጠፋ ሰርቨር ላይ የተከፈተ ሴሽን ሁሉ ካልተቀመጠ ሥራው ጋር ይሄዳል።